እግር የማይረግጠው ወለል

እትዬ ታንጉት ሰውን መመልከት የሚጀምሩት ከእግሩ ነው። ወደው አይደለም። አዋሽ ባቡር ጣቢያ አጠገብ በነበረው ቡፌ ውስጥ ወለል ሲወለውሉ ነው ዕድሜያቸውን የጨረሱት፤ ጎንበስ ብሎ የሚወለውል ሰው ደግሞ ፊት አያይም፣ ጫማ ነው የሚያይ። ከድሬዳዋ የሚመጣውን ነጋዴ፣ ከአዲስ አበባ የሚወርደውን ሹም፣ ሙሽራውን፣ ሐኪሙን፣ ደላላውን ሁሉ ከቁርጭምጭሚት በታች ያውቁት ነበር። ከዚያ ሁሉ ጫማ የተረፋቸው ሀብት ንቀት ብቻ ነው።

«ሰው ሁሉ ያው ነው» ይላሉ፤ «ጭቃውን ይዞ ይገባል፣ ሌላው ይጠርግለታል፣ ከዚያ ወለሉ ቆሸሸ ብሎ ይቆጣል።»

ባለቤታቸውን፣ ሃዲድ ጠጋኙን እንኳ አልማሩትም። በሕይወት ሳለ «ይሄ ልፍስፍስ» ሲሉት ኖረው፣ ከሞተ በኋላ ነው «የኔ ጌታ» ማለት የጀመሩት። አሮጌው ባቡር ሲቆምና ቡፌው ጭር ሲል «ድሮም ፉጨት ብቻ ነበር» አሉ። አዲሱ ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ ሽው እያለ ሲያልፍ ደግሞ «ሰላምታ የማያውቅ ባለጌ» አሉት። የጣቢያው ሰፈር ሰው ምላሳቸውን ለምዶታል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ልጁን ሲድር፣ ቤቱን ሲያድስ፣ አዲስ ሶፋ ሲያስገባ እትዬ ታንጉት ምን እንደሚሉ አስቀድሞ ይገምታል፤ እሳቸው ግን ከተገመተው የባሰውን ይዘው ይመጣሉ።

አንድ ልጅ ናት ያለቻቸው፣ አምለሰት። እሷን ብቻ አይንቁም። እሷን ስለማይንቁም የሚያገባትን ሰው ገና ሳያዩት ነው የናቁት።

ይልማ ሊተዋወቃቸው የመጣ ዕለት ነጭ ጫማ ተጫምቶ ነበር። በአዋሽ አቧራ ነጭ ጫማ! ደጃፉ ላይ ቆመና ከኪሱ ሶፍት አውጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ጠረገ። ከዚያ ነው ቀና ብሎ «እንደምን ዋሉ እማማ» ያለው። እትዬ ታንጉት ከዚያ ወዲያ የተናገረውን አልሰሙም። ሰመራ ትራንዚተር መሆኑን፣ ከጅቡቲ የሚመጣ ዕቃ የጉምሩክ ጉዳይ እንደሚያስፈጽም፣ ቤት መሥሪያ ቦታ እንዳለው ያወራው ሁሉ በአጠገባቸው አለፈ። ሸኝተውት ሲመለሱ ልጃቸውን ጠሯት።

«ልጄ፣ ይሄ ሰው ሚስት ፈልጎ አይደለም የመጣው» አሏት፤ «ጫማውን የሚያስቀምጥበት ነው የሚፈልገው።»

አምለሰት ሳቀች። ሳቀችና አገባችው።

እትዬ ታንጉት ሰመራን የረገጡት አምለሰት የመውለጃ ወሯ ሲቃረብ ነው። የመጀመሪያ ልጅ ነውና እናቷ ካላረሰቻት ማን ያርሳታል? የአፋር ሰው ሐጋይ የሚለው የሙቀት ወራት ሊገባ ሲል የገንፎ እህሉን አስፈጭተው፣ ቅቤውን አንጥረው፣ በሚኒባስ ተነሡ። ገዋኔንና ሚሌን አልፈው ሎጊያ ሲደርሱ ነፋሱ በመስኮት ገብቶ ፊታቸውን እንደ ዳቦ ቤት እቶን ገረፋቸው።

«እዚህ ነው ሰው ቤት የሚሠራው?» አሉ አጠገባቸው ለተቀመጠው ሰውዬ።

ሰውዬው እዚያው ተወልዶ ያደገ ስለነበር ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

የይልማ ቤት አላለቀም። እሱና አምለሰት ግቢው ጀርባ ባለው ሰርቪስ ክፍል ነው የሚኖሩት። ትልቁ ቤት በሩ፣ መስኮቱ፣ ቀለሙ ሁሉ ተጠናቆ የቀረው ወለሉ ብቻ ነው። ይልማ ደግሞ ልጁ ክርስትና ሲነሣ እንግዳው ሁሉ ያንን ወለል እንዲያይለት ቆርጧል። የሚስቱ እግር አብጦ ጫማ አልገባ ብሏታል፤ እሱ አጠገቧ ተቀምጦ በስልኩ የሰው ሳሎን ፎቶ ያሳያታል።

«እማማ፣ እንኳን ደህና መጡ» አለ፤ «ነገ ፖርስሊን ልንመርጥ ነው። እርስዎም አብረውን ሄደው ይመርቁልናል።»

«ወለል አይመረቅም፣ ይጠረጋል» አሉት።

ሄዱ ግን። ልጃቸውን በዚያ እግሯ ከእሱ ጋር ብቻዋን ሊሰዷት አልፈለጉም።

ሎጊያ ያለው የወለል ንጣፍ ሱቅ የሙጂባ ነው። ሙጂባ ከወሎ፣ ከባቲ፣ ነጋዴ ባሏን ተከትላ መጥታ፣ ባሏ ሲሞት ሱቁን ይዛ የቀረች ወፍራም ሳቂታ ሴት ናት። ናሙናዎቹን ግድግዳ አስደግፋ ደርድራቸዋለች፤ ግራጫው፣ ቡኒው፣ እንጨት የሚመስለው፣ የወንዝ ድንጋይ የሚመስለው። ከሁሉ ከፍ ብሎ አምፖል የበራበት አንድ አለ፤ ነጭ ነው፣ ወርቃማ ጅማት ተስሎበታል፣ እንደ መስታወት ተወልውሏል።

ይልማ ሌላውን ገልመጥ እንኳ ሳያደርግ በቀጥታ ወደዚያ ሄደና በመዳፉ ዳሰሰው። ሚስቱን እንደዚያ ሲዳስስ እትዬ ታንጉት አይተው አያውቁም።

«ይሄ ነው» አለ። «ሳሎኑም፣ ኮሪደሩም፣ ኩሽናውም፣ መታጠቢያ ቤቱም። ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት።»

ሙጂባ ራሷን ነቀነቀች። «ለሳሎንስ ይሁን ወንድሜ፣ ያምራል ወላሂ። ለኩሽናና ለመታጠቢያ ቤት ግን ይሄን ሻካራውን ውሰድ። ያኛው ውሃ ሲነካው ሰው ይጥላል። ባለቤትህን እያት፣ ከባድ ናት። ልጁም ኢንሻአላህ ነገ ዳዴ ይላል።»

«ሻካራውማ ለአልጋ ቤት ነው።»

«እሺ፣ ግማሽ ያህል የሚያበራም አለ። እዚህ አገር አቧራ ነው ያለው፤ በነጩ ላይ ድመት ብታልፍ ዱካዋ ይቆጠራል።»

«እኔ ቤት ድመት የለም» አለ ይልማ።

እትዬ ታንጉት መሬት ላይ ከእሱው ዓይነት ጥቂት ተዘርግቶ አዩና፣ ምን እንደሚመስል ለማወቅ መሐሉ ላይ ቆሙ። ወደ ታች አቀረቀሩ። ከዚያ ቀሚሳቸውን በሁለት እጃቸው ሰብስበው ዘለው ወረዱ።

«በስመ አብ! ይሄማ የሰው ገበና ያወጣል! ከታች ወደ ላይ አየሁት እኮ!»

ሙጂባ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። አምለሰትም ሆዷን ይዛ ተንፈቀፈቀች። ያልሳቀው ይልማ ብቻ ነው።

«የጥራቱ ምልክት ነው እማማ» አለ፣ ወለሉ እንዳይቀየም የፈራ ይመስል ቀስ ብሎ።

«የቀሚሴን ውስጥ የሚያሳይ ጥራት ለራስህ ይሁን።» ወደ ሙጂባ ዞሩ። «አንቺስ? ቤትሽ ያነጠፍሽው ይሄንኑ ነው?»

«እኔማ ሊሾ ላይ ምንጣፍ ነው የዘረጋሁት እትዬ። ስሰግድ የሚያንሸራትተኝ ምን ያደርግልኛል?»

«የማትበዪውን ትሸጫለሽ በዪኛ።»

«እትዬዋ» አለች ሙጂባ ዓይኗን እየጠረገች፣ «ሰው የሚጠቅመውን ብቻ ቢገዛ እኮ ይሄ ሱቅ ድሮ ተዘግቶ ነበር።»

እትዬ ታንጉት ሴትዮዋን ሊንቋት ሞክረው አልሆነላቸውም። የተረፋቸውን ንቀት ጠቅልለው አማቻቸው ላይ ጨመሩት። ይልማ ነጩን አስጫነ፤ ለመታጠቢያ ቤቱም ጭምር።

ወለሉን የሚያነጥፈው እሸቴ የሚባል፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ እያንጎራጎረ የሚሠራ ጎልማሳ ነው። እትዬ ታንጉት በርጩማቸውን በሩ ላይ አስቀምጠው ፊት ለፊቱ ተሰየሙ። እሸቴ ከባልዲ ውስጥ ግራጫ ሊጥ የመሰለ ነገር እያወጣ መሬቱን ሲቀባ ጊዜ፣

«አንተ፣ ይሄ ዝፍት ምንድን ነው?» አሉት።

«ማጣበቂያ ነው ማዘር። ፖርስሊን በተራ ሲሚንቶ አይይዝም። ውሃ አይጠጣማ።»

«እንደ ባለቤቱ በለኛ። ምንም አይገባውም።»

እሸቴ ሳቀና ቀጠለ። ሊጡን ጥርስ ባለው ማንካ እያበጠረ፣ ንጣፉን ቀስ አድርጎ ያሳርፋል፤ በጎማ መዶሻ ድም፣ ድም ያደርገዋል፤ ከዚያ በጣቱ አንኳኩቶ ጆሮውን ይሰጣል። ባዶ ድምፅ ከሰማ አንሥቶ ያስተካክለዋል። በየመገጣጠሚያው ጠርዝ ከጠርዝ እንዳይበላለጥ ትንንሽ የፕላስቲክ ሽብልቆች ይሰካል። እትዬ ታንጉት ጥፋት ሲፈልጉ ዋሉ። ሐጋይ ሲገባ ይሄ ሁሉ በሙቀት ተነፍቶ እንደ ፈንዲሻ ይፈነዳል አሉ። እሸቴ ግድግዳው ሥር ዙሪያውን የተወውን ቀጭን ክፍተት አሳያቸው።

«በዚህ ይተነፍሳል ማዘር። ኋላ ግድግዳው ሥር የሚለጠፈው ዙኮሎ ይሸፍነዋል።»

ይሄም ቀረባቸው። መታጠቢያ ቤቱ ጋ ሲደርስ ግን ተነሥተው ተከተሉት።

«እዚህ ሰው እንደሚወድቅ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። ነግሬዋለሁም። አልሰማኝም። እኔ የታዘዝኩትን ነው ማዘር።»

«የታዘዘውን ብቻ የሚሠራማ መዶሻውም አለ» አሉና ወደ በርጩማቸው ተመለሱ።

ወለሉ አለቀ፤ ታጠበ፤ ተወለወለ። እውነትም ያበራ ነበር፤ የመስኮቱ ብርሃን ገብቶበት ጣሪያው መሬት የወረደ ይመስላል። ወደ ትልቁ ቤት ገቡ። ይልማ ደግሞ ወለሉ የታሸገባቸውን ካርቶኖች አልጣላቸውም። ዘርግቶ፣ በፕላስተር አያይዞ፣ ከበሩ ወደ መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ወደ ኩሽና መንገድ አወጣባቸው። ከካርቶኑ ውጪ መርገጥ ክልክል ነው። ወንበር መጎተት ክልክል ነው። ከሰል ማስገባት የማይታሰብ ነው። እሱ ራሱ ቤት ሲገባ በካልሲ ነው የሚሄደው፤ ከሥራ ሲመለስ ሸሚዙን ሳይቀይር ተንበርክኮ፣ ጉንጩን ወደ ወለሉ አስጠግቶ አሻራ ያለበትን ቦታ ይፈልጋል፤ ሲያገኝ «ሃህ» ብሎ ተንፍሶበት በጨርቅ ያሻል።

አምለሰት ገፍቶ የወጣ ሆዷን ይዛ፣ ባበጠ እግሯ፣ በዚያች ጠባብ ካርቶን ላይ ገደል ዳር እንዳለች ፍየል ስትራመድ እናቷ በር ላይ ሆነው ያያሉ።

«ልጄ፣ እንኳን ደስ አለሽ» ይላሉ፤ «ሳሎንሽ ውስጥ መንገድ ወጣልሽ።»

«ተይው እማ፣ ክርስትናው እስኪያልፍ ነው።»

«ሞኝ ያጠመደውን አይፈታም።»

አንድ ቀን አምለሰት ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ አዳለጣት። እትዬ ታንጉት ፎጣ ይዘው ከኋላዋ ስለነበሩ ክንዷን ያዙ፤ ሁለቱም ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ቀሩ። እትዬ ታንጉት ያን ዕለት አልቀለዱም። ጓሮ ወርደው የሲሚንቶ መቀላቀያ የነበረ ጆንያ አጥበው፣ አምጥተው መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ዘረጉት። ይልማ ሲመጣ ያንን ጆንያ በሁለት ጣቱ አንሥቶ ውጪ አሰጣው። እሳቸው መለሱት። በማግሥቱም አወጣው። መለሱት። ስለ ጆንያው አንድም ቃል ሳይነጋገሩ ጆንያው ሲገባና ሲወጣ ሰነበተ።

ሐጋይ ገባ። ሰመራ ላይ ሐጋይ ሲገባ የቧንቧ ውሃ ለሻይ የተጣደ ይመስላል። አንድ ቀትር ላይ ይልማና አምለሰት ለምርመራ ሆስፒታል እንደሄዱ መብራት ጠፋ፤ የጣሪያው ማራገቢያም እያቃሰተ ቆመ። እትዬ ታንጉት ግቢው ውስጥ ካለችው ዳስ ሥር ለመቀመጥ ሞክረው አልቻሉም። ወደ ቤት ገቡ። ሶፋው ይፋጃል። ካርቶኑ ላይ ቆመው ላባቸውን ሲጠርጉ ቆዩና፣ ጣታቸውን ከካርቶኑ ዳር አውጥተው ነጩን ወለል ነኩት።

መጀመሪያ እግራቸውን ነው ያሳረፉት። ከዚያ ተቀመጡ። ከዚያ ማንም እንደሌለ ዙሪያውን አይተው ነጠላቸውን አውልቀው ጋደም አሉ። ጉንጫቸውን ሲያሳርፉበት፣ ከጉድጓድ አሁን የወጣ እንስራ ያቀፉ መሰላቸው። የተኙበት ቦታ በገላቸው ሲሞቅ ገልበጥ ብለው ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ፤ እሱም ሲሞቅ ወደሚቀጥለው። እንዲህ እየተንከባለሉ ሳሎኑ መሐል ደርሰው ነበር ሀምዳ በሩ ላይ ስትቆም።

ሀምዳ ጎረቤት ናት፤ ባሏ ግመል የሚነግድ፣ ዕለት በዕለት ለአምለሰት ወተት የምታመጣ ረጅም የአፋር ሴት።

«ታንጉት፣ ሞትሽ?» አለች።

«አልሞትኩም። ቆሻሻ እያየሁ ነው።»

«ተኝተሽ?»

«ቅርብ ካልሆንኩ አይታየኝም።»

ሀምዳ ትንሽ አሰበች። ወተቱን አስቀመጠች፣ ሰንደል ጫማዋን በሩ ላይ አወለቀች፣ ገብታም በወዲያ በኩል በጀርባዋ ተዘረጋች።

«ይሄ ቤት አይተነፍስም» አለች ሀምዳ ጣሪያውን እያየች። «የእኛ የሰሌን ቤት ነፋስ ያሳልፋል። ወለሉ ግን ጥሩ ነው።»

«ወለሉ የማይረባ ነው» አሉ እትዬ ታንጉት፣ ጉንጫቸውን ሳያነሡ።

«እሺ» አለች ሀምዳ።

ሁለቱም እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሲነቁ የላባቸውን ምልክት በነጠላ ጠርገው፣ የተንሸዋረረውን ካርቶን አቅንተው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ይልማና አምለሰት በሌሉበት ቀትር ሀምዳ ወተቷን ይዛ ትመጣለች። ስለዚህ ጉዳይ ለማንም አልተናገሩም።

አምለሰት ወንድ ልጅ ወለደች። ከሆስፒታል በተመለሰች በማግሥቱ ጎረቤቶቿ፣ የምትሠራበት ፋርማሲ ሴቶች፣ ሙጂባም ጭምር ሊጠይቋት መጡ። ይልማ ቀድሞ አስቦበት ነበር። ግቢው ውስጥ ሸራ ወጥሮ የፕላስቲክ ወንበር ደርድሯል። «ሕፃኑ ዓይን እንዳይበላው ከውጭ ሆናችሁ እንኳን ማርያም ማረችሽ በሏት» ብሎ ወደ ሥራው ሄደ። ሴቶቹ በዚያ በሚጋረፍ ነፋስ ሸራው ሥር ተቀመጡ። ሙጂባ በሻሿ ጫፍ አንገቷን ታራግባለች። አምለሰት መኝታ ቤት ብቻዋን ተኝታ ድምፃቸውን ትሰማለች።

«እማ፣ ለምን አይገቡም?»

እትዬ ታንጉት የገንፎ ማማሰያቸውን አስቀምጠው ወጡና ከበሩ ጀምረው ካርቶኑን ይገፍፉት ጀመር። ፕላስተሩ ጭርር እያለ ተላቀቀ። አንዱን በአንዱ ላይ አጥፈው አንሥተው ግቢው ውስጥ ወረወሩት። የሰፈሩ ፍየሎች ከየት መጡ ሳይባል መጥተው ይበሉት ጀመር።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» አሏቸው ሴቶቹን። «የሰው ቤት ስትገቡ አታውቁም? ግቡ እንጂ!»

ሀምዳ ቀድማ ገባች። ሌሎቹ ተከተሉ። ወንበር አልበቃ ሲል መሬት ተቀመጡ፤ ቀዝቃዛው ሲነካቸው «ኧፍፍ፣ አልሃምዱሊላህ!» አለች ሙጂባ ተዘርፍጣ፤ ራሷ የሸጠችውን ወለል ገና አሁን ያወቀችው ይመስል። እልልታ ቀለጠ። ገንፎው ወጣ፣ ቅቤው ተንጠባጠበ፣ አቧራ የለበሰው እግር ሁሉ በነጩ ላይ ዱካውን ተወ። አምለሰት ትራስ ተደግፋ መሐላቸው ተቀመጠች፤ ከወለደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷ ታየ።

ይልማ የደረሰው በዚህ መሐል ነው። በሩ ላይ ቆመ። ሴቶቹን አላየም፣ ልጁንም አላየም፤ ዓይኑ ወለሉ ላይ ነበር፤ ከአንዱ ዱካ ወደ ሌላው ይሄዳል።

«እማማ» አለ፣ «እኔ እኮ ለክርስትናው ብዬ…»

«ሚስትህ የወለደችው ልጅ ነው ሴራሚክ?» አሉት እትዬ ታንጉት ከተቀመጡበት ሳይነሡ። «ስገባ ሳያት ብቻዋን ጣሪያ ትቆጥራለች። የሰው ልጅ ወልዳ! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ወለል ወልውያለሁ፤ ሰካራም ተፍቶበታል፣ ወታደር ደም አንጠባጥቦበታል፤ ወለል ለዚያ ነው የተፈጠረው። ለወለል ብሎ አራስ ብቻዋን የዘጋ ሰው ግን አላየሁም። ስታየኝ አታፍርም?»

«እርስዎ ምን ያውቃሉ?» አለ ይልማ። እንደዚያ ሲናገር ሰምተውት አያውቁም። «እኔ ያደግኩት አፈር ወለል ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት እናቴ ከእግሬ ሙጃሌ በመርፌ ስታወጣ ነው ያደግኩት። ጓደኞቼን ቤት ጠርቼ አላውቅም። ልጄ እንደዚያ እንዳይሆን ነው። ይሄ ነውር ነው?»

አምለሰት አቀረቀረች። ከሴቶቹ አንዷ ከንፈሯን መጠጠች። እትዬ ታንጉት ግን እንዲህ በቀላሉ የሚገኙ ሰው አይደሉም።

«ሁላችንም አፈር ላይ ነው ያደግነው» አሉት። «አፈሩ ግን እንግዳ አይከለክልም ነበር።»

ይልማ ዞሮ ወጣ። ሴቶቹ ቶሎ ቶሎ ብለው ተነሡ። ሲመሽ ተመልሶ መጣ፤ ወለሉን አልወለወለም፤ ልጁ የተኛበት አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሳያወልቅ ቆየ።

ካርቶን ከዚያ በኋላ አልተነጠፈም። ይልማ ይቅርታ አልጠየቀም፤ እሳቸውም አልጠየቁም፤ በአንድ ማዕድ እየበሉ በአምለሰት በኩል ይነጋገሩ ነበር። እትዬ ታንጉት ያንን የሙጃሌ ነገር ለሀምዳ ነገሯት፤ ነግረዋትም «ሰበብ ነው» አሉ። ሀምዳ ሰበብ የሚለውን ቃል አላወቀችውም ይሁን አልተስማማችበት፣ ወተቷን መቅዳት ቀጠለች።

አንድ ቀን ገበያ ደርሰው በቀትር ሲመለሱ ቤቱ ጸጥ ብሏል። አምለሰት መኝታ ቤት ተኝታለች። ሳሎኑ መሐል ሕፃኑ ስስ ጨርቅ ተነጥፎለት ወለሉ ላይ ተዘርግቷል፤ አንገቱ ላይ በሙቀት የወጣው ሽፍታ ዱቄት ተነስንሶበታል። አጠገቡ ይልማ ሸሚዙን አውልቆ፣ ሆዱን ወለሉ ላይ ለጥፎ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ላቡን የተወበት ቦታ እርጥብ ሆኖ ይታያል፤ ተንከባልሎ ነው እዚያ የደረሰው።

ካልሲ አላደረገም። እትዬ ታንጉት ባዶ እግሩን ሲያዩ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው። ጣቶቹ ጫፍ ጫፋቸው ተበላልቶ፣ ሁለቱ ጥፍር የላቸውም፤ ተረከዙ በጥቃቅን ጠባሳ ተበሳስቷል። ዘንቢላቸውን እንዳንጠለጠሉ ቆመው አዩት።

«እንደ አዞ» አሉ በመጨረሻ በሹክሹክታ።

ከዚያ ተመልሰው ወጡና ዳሱ ሥር፣ በዚያ እሳት ውስጥ፣ ሁለቱ እስኪነቁ ተቀመጡ። ሀምዳ ወተቷን ይዛ ስትመጣ በእጃቸው ምልክት ሰጥተው መለሷት። በጣም ተናደው ነበር። ሰውዬው የተኛበት በእሳቸው ቦታ ላይ ነው።

ክርስትናው ደረሰ። እንግዶቹ ሊመጡ ሲሉ እትዬ ታንጉት መታጠቢያ ቤት ገብተው ጆንያው ታጥቦ፣ ተዘርግቶ፣ ጠርዙ በወጉ ታጥፎ አገኙት። እሳቸው አልነበሩም የዘረጉት። «ዘገየ» አሉ ብቻ። ከሰዓት በኋላ ከይልማ መሥሪያ ቤት የመጣ አንድ ሰው ጠርሙስ ለቀቀና ሳሎኑ በር ላይ የንጣፉ አንድ ጥግ ተፈነጨረ። ሰዉ ሁሉ ወደ ይልማ ዞረ። ይልማ የተፈነጨረውን አየ፣ «እግርህን ስብርባሪው እንዳይቆርጥህ» አለው ሰውዬውን፣ መጥረጊያም ሊያመጣ ሄደ። እትዬ ታንጉት ዳቦውን መቁረጥ ቀጠሉ።

ልጁ አንገቱን ሲያጸና ወደ አዋሽ ተመለሱ። የጣቢያው ሰፈር ሰው ሲጠብቃቸው ነበር። ሻይ ቤት ያላት ጎረቤታቸው ነኢማ፣ ገና ዕቃቸውን ሳያስቀምጡ፣

«እንዴት ነው ቤቱ? እንደ ቤተ መንግሥት ነው አሉ» አለቻቸው።

«ቤት ነው እንዴ? በረዶ ቤት ነው። ሰው ቂጡን እያየ የሚሄድበት! ባለቤቱ እንደ ገበሎ በደረቱ የሚሳብበት!» አንድ ሳምንት ሙሉ ስለዚያ ወለል አወሩ። የተፈነጨረውን ጥግ አወሩ፣ ካርቶኑን ፍየል እንደበላው አወሩ፣ ሙጂባን እያስመሰሉ አወሩ። ሰፈሩ ሳቀ። ከዚያ ነኢማ አንድ ጠዋት በመስኮት ስታይ እትዬ ታንጉት ፍራሻቸውን ጠቅልለው በገመድ እያሰሩ ነው። ቤቱን ለአንድ የሃዲድ ሠራተኛ ቤተሰብ ሊያከራዩት ተስማምተዋል።

«ወዴት ነው እትዬ?»

«ሰመራ።»

«ያንን ሁሉ ተናግረው?»

«ታዲያ ያንን ሕፃን ከእሱ ጋር ልተወው?» አሉ ገመዱን በጉልበታቸው ረግጠው እያጠበቁ። «እዚያ ሰው አጠገቡ ካልተቀመጠ ልጁን ወልውሎ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል።»

ነኢማ ፍራሹን ወደ መናኸሪያ ተሸከመችላቸው። የሰመራው ሚኒባስ ረዳት ጣሪያው ላይ ሊጭነው ሲል እትዬ ታንጉት ቀና ብለው አዩት፤ ከዚያ ወደ እግሩ ወረዱ፤ ጫማው አንዱ ቡኒ አንዱ ጥቁር ነበር። ምን እንዳሉት ነኢማ አልሰማችም፤ ረዳቱ ግን እስኪነሡ ድረስ ያጉረመርም ነበር።